የሰው እጅ ያልነካው ውሃ

የተበላሸ ነገር ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ ሲያፈስ ሌላው ሰው ይናደዳል፤ እሱ ግን ዘመድ እንደመጣለት ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ብድግ ይላል። ባለሙያ ይጠራ ካሉት ይቀየማል። ባለሙያ የሚጠራው እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው። ባለሙያውም ገና ከበሩ እንደገባ ሥራውን ያይና፣ «ለመሆኑ ማነው የነካካው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የዚህ ዓይነቱ ሰው መለያው ካቻቢቴው አይደለም፤ ንግግሩ ነው። ግድግዳ ሊበሳ ሲነሣም፣ የበሳው ግድግዳ እላዩ ላይ ሊወርድ ሲልም የሚለው አንድ ነው፦ «ቀላል ነገር ነው።» ሚስቱ ይህን ቃል ስትሰማ መወልወያ ታዘጋጃለች።

ሲስተር እንዲህ ያለ ባል ነበራት። ሲስተር የምትባለው በጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ነው፤ ጎረቤቱም፣ የባሏ ደንበኞችም፣ ማሾፍ ሲያምረው ባሏ ራሱም የሚጠራት በዚሁ ነው። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ናት። በሱቁና በሳሎኑ መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ስለሆነ እዚያ የፈሰሰ ሁሉ እዚህ ይገባል። ፀጉር ሲቆርጥ እጁ ወርቅ ነው። ሕፃን ሳያስለቅስ ይላጫል፤ መላጣ ሰው እንኳ ከወንበሩ የሚነሣው ደስ ብሎት ነው። ችግሩ የሚመጣው መቀሱን አስቀምጦ ካቻቢቴውን ሲያነሣ ነው። ያኔ አንተ መባሉ ይቀርና አንቱ ይባላል፦ ክቡር መሐንዲስ።

ማዕረጉን የሰጡት ጡረተኛው መምህር ናቸው። ክቡርነታቸው የደንበኛው ወንበር በእግር እየተረገጠ ከፍ መደረጉ አድካሚ ነው ብለው በራሳቸው ብልሃት አሻሻሉት። ወንበሩ በእርግጥ ከፍ አለ፤ መውረድ ግን እምቢ አለ። መምህሩ አንድ ጉንጫቸውን ተላጭተው፣ ነጩን ጨርቅ እንደለበሱ፣ አምፖሉ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ክቡር መሐንዲስ፣ ከዚህ ሆኜ ሰፈሩ ሁሉ ይታየኛል፤ የሚያወርደኝ ሰው ብቻ ነው ያልታየኝ» አሉ። የወረዱት በመሰላል ነው። ስሙም በዚያው ጸደቀ። ያም ሆኖ መምህሩ ሌላ ሱቅ ሄደው አያውቁም። ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሲስተር ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ እሷም ብትሆን የትም አልሄደችም።

የበሩን ደወል ያሻሻሉት ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ደወሉ አሁን የሚጮኸው እንግዳ ሲመጣ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ሲከፈት ነው። ሲስተር ውሃ ለመጠጣት በተነሣች ቁጥር ባሏ ከሱቁ «ማነው?» ይላል።

ከዚያ ዓሣዎቹ መጡ። ደንበኛው የሆነ አንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒኩን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር፣ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነዓሣዎቹ ሰጠው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሰው ማማቱን ትቶ ዓሣ ማየት ጀመረ። ከሁሉም የሚተልቀው ወርቃማ ዓሣ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ከጫፍ ጫፍ ስለሚንሸራሸር ሊቀ መንበር ተባለ። ስብሰባ የሚመራ እንጂ የሚዋኝ አይመስልም።

ዓሣ ኑሮው ውሃ ስለሆነ ውሃ አያሳስበውም የሚል ሰው ዓሣ አሳድጎ አያውቅም። ውሃው ይቆሽሻል። ሁሉንም በአንዴ መድፋት ደግሞ አይቻልም። ጥቂቱን ቀድቶ መድፋት፣ በዚያው ልክ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ቀስ ብሎ መጨመር ነው። ባሏ ይህን በየሳምንቱ በባልዲና በጆግ ያደርጋል። አንዲት ጠብታ ወለል ላይ ሳትወድቅ ሲቀዳና ሲገለብጥ እያየች፣ ይህ ሰው ሰሃን ሲያጥብ ምን ነክቶት ነው ወጥ ቤቱን ኩሬ የሚያደርገው ትላለች ሲስተር።

ባለፈው ዓመት ባልና ሚስቱ ለዘመድ ሠርግ ወጣ ብለው ነበር። ገንዳውን አደራ ያሉት ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ነው። ልብስ ሰፊው ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱም የመጣው ከደግነቱ ነው። ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ብሎ ውሃውን ጥርግ አድርጎ ደፋ፤ መስታወቱን በሳሙና ፈትጎ አጠበ፤ ከቧንቧ የወረደውን ውሃ እንዳለ ሞላበት። ገንዳው እንደዚያ ቀን አብረቅርቆ አያውቅም። በሕይወት የተገኘው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ግድግዳ ወፈረ። ባሏ ልብስ ሰፊውን ሰላም ይለዋል፤ ሱሪ ግን አይሰጠውም። የሚገዛቸው ሱሪዎች ሁሉ ይረዝሙበታል፤ እግራቸውን ወደ ላይ አጥፎ ይለብሳቸዋል እንጂ ሊያሳጥር አይወስዳቸውም። ዝናብ ሳይዘንብ ሱሪውን አጥፎ የሚሄድ ሰው በሰፈሩ እሱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው በበሩ ባለፈ ቁጥር ያንን እጥፋት ያያል፤ አይቶም ይተክዛል። ባሏ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሲጠየቅ፣ «ሰው አይታመንም» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። አዳዲስ ዓሣዎች ገብተው ገንዳው ቢሞላም ቂሙ አልጎደለም።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ልጃቸው ወለደች። የምትኖረው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። በስልክ፣ ድክም ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ አባዬም ይመጣል አይደል?» አለች። ሲስተር «እንዴታ» አለቻት። ስልኩን ዘግታ ባሏን ስታየው ግን ዓይኑ ገንዳው ላይ ነበር።

«ማን ውሃ ይቀይርላቸዋል?» አለ።

ሲስተር በትዳሯ ብዙ ነገር ችላለች። ማቀዝቀዣ ስትከፍት ደወል ችላለች። ይህን ግን ሆዷ አልቻለውም። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ብቻዋን መሄድ አያቅታትም፤ ነገር ግን ልጇ በሩን ስትከፍት የሁለቱንም ፊት እንድታይ ትፈልጋለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕፃኗን እጁ ላይ አስቀምጣ፣ ያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ትፈልጋለች። «ሊቀ መንበሩ አያት ሆኖ ቢሆን እሱ እንኳ ይሄድ ነበር» አለችው።

ባሏ አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ሲስተር ያን ብርሃን ታውቀዋለች። በራሱ ውሃ የሚቀይር ማሽን እሠራለሁ አላት። ማሽን አይረሳም፣ ማሽን ሳሙና አይወድም፣ ማሽን ደግ ልሁን አይልም። «ቀላል ነገር ነው» ሲል፣ ሲስተር መወልወያውን ፍለጋ ሄዳ ነበር።

የመጀመሪያው ማሽን ልቡ የተነቀለው ከአሮጌው የልብስ ማጠቢያ ነው። ውሃ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከየት እንደመጣ ደግሞ ሲስተር ያወቀችው ሽንት ቤት ገብታ ውሃ ስትለቅ ነው። ክቡርነታቸው መምህሩን ወንበር ላይ አስቀምጠው አንድ ጉንጫቸውን እየላጩ ማሽኑን አስነሡት። የልብስ ማጠቢያ ሞተር ግን ስለ ዓሣ ምን ያውቃል? የለመደው የአንሶላ ውሃ መትፋት ነው። ሁለተኛው ጉንጭ ሳይጀመር ገንዳው ደረቀ። ሊቀ መንበሩ ጠጠሩ ላይ ተጋድሞ ያለ አጀንዳ አፉን ይከፍታል። ክቡርነታቸው ምላጩን ጥለው፣ ባልዲ አንሥተው ወደ በርሜሉ ሮጡ። መምህሩም ግማሽ ፊታቸውን አረፋ እንደሸፈነው ጆግ ይዘው ሲያግዙ ቆዩና፣ ዓሣዎቹ ሁሉ ነፍስ መዝራታቸውን ካዩ በኋላ፣ «ዓሣ በብልሃት ይበላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በብልሃት ሊገደል ሲል ግን ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ሁለተኛው ማሽን የጠረጴዛ ሰዓት ነበረው። ሰዓቱ ሲደውል ክር ይጎትታል፤ ክሩ ቡሽ ይነቅላል፤ ቡሹ ሲነቀል ውሃ ይወርዳል። ሲያስረዱት ያምር ነበር። ደወሉ የሚጮኸው ግን ሁልጊዜ ምላጩ ሰው ጉሮሮ ላይ ሳለ ነው፤ ደንበኛው ሲደነግጥ ምላጭ የያዘውም አብሮ ይደነግጣል። ማንም አልተጎዳም፤ ጢም ማሳደግ ግን በሰፈሩ ፋሽን ሆነ። በመጨረሻም ክሩ አንድ ቀን ቡሹን ነቅሎ መመለሻ አጣ። በርሜሉ እንዳለ ሳሎን ገባ። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ የቤት ጫማዋ ሊቀበላት በሩ ድረስ ተንሳፍፎ መጣ።

ልጃቸው በየቀኑ ትደውላለች። ሕፃኗ ፈገግ አለች፤ ሕፃኗ አስነጠሰች፤ አፍንጫዋ የአባዬን ይመስላል። ሲስተር የዓመት ፈቃዷን ወስዳለች፤ የአውቶቡሱ ቀን ቀርቧል። ባሏ ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ ቱቦ ይለካል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወገቧን ይዛ ከላዩ ቆመች።

«ለምንድነው እንደ ጎርፍ የምትለቅባቸው?» አለችው። «እኔ ለበሽተኛ ግሉኮሱን በአንዴ ባፈስበት ምን ይሆናል? በጠብታ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሰውዬው ተኝቶ ሳይሰማው ይገባለታል።»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ቱቦውን ከእጁ አስቀመጠ። እንዲህ ሲያያት የምታውቀው፣ አግቢኝ ሊላት የመጣ ቀን ብቻ ነው።

«ሲስተር» አለ፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?»

«ውሃ ስጠርግ» አለችው።

ጊዜው አልፎበት ሊጣል የነበረ የግሉኮስ ቱቦ ከጤና ጣቢያው አስፈቅዳ አመጣች። ዓሣዎቹ ለጊዜው ባልዲ ውስጥ ተዛወሩ። ከገንዳው አፍ ዝቅ ብሎ መስታወቱ መበሳት ነበረበት። እሷ ቦታው ላይ ውሃ እያንጠባጠበች፣ እሱ ትንፋሹን ውጦ በትራፓኖ በሳው፤ በእግዜር ቸርነት አልተሰነጠቀም። በርሜሉ ከፍ ካለ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ውሃው ከዚያ በቀጭኑ ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ገንዳው ይገባል፤ የሞላው ትርፍ በቀዳዳዋ ወጥቶ በሌላ ቱቦ ወደ ፀጉር ማጠቢያው ሲንክ ይወርዳል። ሞተር የለ፣ ደወል የለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄው ነው። ሲስተር ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ ጠብታውን ስትቆጥር፣ የቱቦዋን መቆጣጠሪያ በአውራ ጣቷ ስታጠብቅና ስታላላ፣ ባሏ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አፉን ከፍቶ ያያታል። ከተጋቡ ወዲህ አብረው የሠሩት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ልጃቸውን ካልቆጠርናት።

አንድ ነገር ብቻ አላማራትም። ይህ ሲንክ የስንት ሰው ፀጉር ውጧል? መውረጃው ቢደፈንስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከሥሩ ፈትተህ እየው አለችው። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው የሲንኩን አፍ አዩ፤ ከላይ የታየውን ፀጉር ነቅለው ጣሉና፣ ቀላል ነገር ነው አሉ።

ያን ቃል እንደሰማች ሲስተር መወልወያውን በዓይኗ ፈለገች። ብትጨቀጭቀው ማሽኑን እንዳለ ሊፈታው ነው፤ ከፈታው ደግሞ አውቶቡሱ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ በትዳሯ አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች። የራሷን የሱቅ ቁልፍ ሻሿ ውስጥ ጠቅልላ፣ ባሏ ሰው ሲላጭ ጠብቃ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች።

«ቁልፉን ያዝ» አለችው። «ብቅ እያልክ እይልኝ። ከተበላሸ ከበርሜሉ ውሃ በጆግ ትንሽ ትንሽ ጨምርላቸው። ሳሙና የሚባል እንዳይደርስበት። ለእሱ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል፤ ማሽኑን እንዳላመንኩት ካወቀ ልቡ ይሰበራል።»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። ቁልፉን አየ፤ እሷን አየ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረና አንገቱ ላይ ባለው ሜትር አፉን ሸፍኖ ሳል የሚመስል ነገር አሳለ። ያለፈው ዓመት ጥፋት ትዝ ብሎት ነው ብላ አሳዘናት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለላት፤ ቁልፉንም ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሲስተር ባሏን የከዳችው ያህል እየተሰማት ወጣች።

አውቶቡሱ ላይ ሲሳፈሩ ባሏ ከፊቷ ደረጃውን ወጣ፤ ዓይኗም ሱሪው ላይ አረፈ። አልታጠፈም። በልኩ አጥሮ፣ ጫማው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ማን ሰፋልህ ብትለው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ እኔው ራሴ፣ ቀላል ነገር ነው አላት። ስፌቱ እሱ ከሚሰፋው የተሻለ ቀጥ ያለ ነበር። የሲስተር ልብ ግን ቀድሟት ልጇ ቤት ስለደረሰ ነገሩን አልተከታተለችውም።

ልጃቸው በሩን ስትከፍት ሁለቱም ደጃፉ ላይ ነበሩ። ሲስተር ሕፃኗን ተቀብላ፣ ስማ፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ልታየው የመጣችውን ፊትም አየች። መጀመሪያ ፈራ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ሲስተር ስንት ውሃ ጠርጋለች፤ ይህንን ግን በሻሿ ጫፍ፣ በደስታ ጠረገችው።

ሳምንቱን ሙሉ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ዋለ። አንዴ ብቻ፣ የሕፃኗ አልጋ ሲንቋቋ ሰምቶ ካቻቢቴ ጠየቀ። ልጁ እዚህ ቤት ካቻቢቴ የሚባል ነገር የለም አለችው፤ ከፍራሹ ሥር የደበቀችው እሷው ናት። የሱ ልጅ ሆና አይደል ያደገችው። ሲስተርን የገረማት ግን ሌላ ነው። በዓሣዎቹ ጭንቀት ያሳብደኛል ብላ ስትሰጋ፣ እሱ እቴ፣ እንቅልፉን ይለጥጣል። ማሽኑን እንዲህ ማመኑ አስቀናት። እሷ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የሚታያት ያ የሲንክ መውረጃ ነው።

ተመልሰው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። «ክፈቺው» አላት። ሲስተር ደንገጥ ብላ፣ የእኔ ቁልፍ ከሻንጣው ሥር ነው፣ አንተው ክፈተው አለችው። የእሱም ከሻንጣው ሥር ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም በሩን አዩት፤ ከዚያ እንደ ተስማማ ሰው በቤቱ በር ዞረው ገቡ። ሲስተር ሳልጋለጥ ተረፍኩ ብላ ደስ ስላላት የእሱ ቁልፍ የት እንደሄደ ማሰብ አልመጣላትም።

የሱቁ ወለል ደረቅ ነው። ገንዳው ጥርት ብሏል። ቱቦው ጠብ ጠብ ይላል፤ ሊቀ መንበሩ ጉንጩን ነፍቶ ስብሰባውን ይመራል። ክቡርነታቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «የሰው እጅ ሳይነካው» አሉ።

ሲስተር ጎረቤት ሰላም ልበል ብላ ወጣች። ልብስ ሰፊው ሲያያት ከመኪናው ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተ። ሁለት ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እንዳይሳሳቱበት በአንዱ ላይ ቀይ ክር፣ በሌላው ላይ ሰማያዊ ክር አስሯል።

«ቀዩ የእርስዎ ነው» አላት።

«ሰማያዊውስ?»

«የክቡር መሐንዲስ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈላት። እሷ ከመምጣቷ በፊት በዋዜማው፣ ባሏ በአንድ እጁ ሱሪ፣ በአንድ እጁ ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የዘረጋው ሱሪውን ነው። ልብስ ሰፊው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሱሪ ስለሆነ በሁለት እጁ ተቀበለው። ስለ ዓሣዎቹ ሞት አንድም ቃል አልተነሣም፤ ልኩን ለካው፣ ይቅርታውም በዚያው አለቀ። ቀጥሎ ቁልፉን ሰጠው።

«ማሽኑን አላምነውም አለኝ» አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ የሠራሁት ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ አለኝ። እሷ ግን እንዳትሰማ፤ ከሰማች በጭንቀት ትቀራለች፤ የልጇን ልጅ ማቀፍ አለባት አለኝ።»

መውረጃው ታዲያ እንደተፈራው በእርግጥ ተደፍኖ ነበር። ልብስ ሰፊው በሱቁ በር ሥር ውሃ ብቅ ሲል አይቶ ገባ። ሲንኩን ከሥሩ ፈትቶ፣ ረጅሙን የፍራሽ መስፊያ መርፌ እያስገባ፣ የበግ ለምድ የሚያህል ፀጉር ጎትቶ አወጣ። የመምህሩ ፀጉር ሳይቀር አለበት አላት፣ ሳይመለጡ በፊት የነበረው። ወለሉን አደረቀ፣ ቱቦውን መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት በቀዩ ቁልፍ፣ ማታ በሰማያዊው እየከፈተ ሲያይ ሰነበተ። ሁለት ሰው አደራ ያለውን አንዴ ማየት አይበቃም ብሎ ነው። ሳሙና እንዳይነካካው ፈርቶ ወደ ገንዳው ሲሄድ እጁን እንኳ በውሃ ብቻ ነበር የሚታጠበው።

ሲስተር የደንበኛ ወንበር ስባ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዓመት ሙሉ ሰው አይታመንም ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፉን የለጠጠው ሰው አምኖ ነው። ሰውዬው የገዛ ማሽኑን እንደማያምን የነገረው ለልብስ ሰፊው ብቻ ነው፤ ያውም እሷ የልጅ ልጇን ታቅፍ ብሎ። ድሮም ትወደው ነበር፤ አሁን ግን ከነካቻቢቴው ወደደችው።

ቀዩን ቁልፍ ብቻ ይዛ ተመለሰች። መምህሩ ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው ካረጋገጡ በኋላ ተቀምጠዋል፤ ክቡርነታቸውም ማሽኑን ያስረዷቸዋል። ሳምንት ሙሉ የሰው እጅ ሳይነካው፣ ሲስተር እስቲ ንገሪያቸው አላት።

«አልነካውም» አለች ሲስተር። ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች።

መምህሩ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ተላጭተው ከሄዱ በኋላ ባሏ ወደ ጓዳ ገባና አንድ ሱሪ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊው ጋ ደርሼ ልምጣ፣ ይቺን ያሳጥርልኝ አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ። ሲስተር ሱሪውን አየችው። ሲሄዱ አውቶቡስ ላይ ለብሶት የነበረው ነው። ከዚህ በላይ ካጠረ የሚያርፈው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ሂድ» አለችው፣ መወልወያውን ከበሩ ጀርባ እየሰቀለች። «ቀላል ነገር ነው።»